«አማራ ናችሁ እስላም?»

ደባርቅ ላይ፣ መኪናው ሁሉ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመያዙ በፊት ትንሽ በሚያርፍበት ሰፈር፣ ምሳ ልንበላ አንዲት ጠባብ ቤት ገባን። እኔና ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣ ጓደኛዬ። ባለቤቷ ስድሳውን የተሻገሩ ሴት ናቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ፣ ሰላምታውን በወጉ ጨረሱና «አማራ ናችሁ እስላም?» አሉን።

የጓደኛዬ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ እናትና አባቱ ከተለያየ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ስለ ብሔሩ ሲጠየቅ መቀለድ የሚቀናው። ያን ቀን ግን አልቀለደም። ባለፉት ዓመታት መንገድ ላይ መኪና አስቁሞ «ብሔርህ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሰምቷል። ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና «እኛ ኢትዮጵያውያን ነን» አለ፣ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ እንደሚናገር ሰው።

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «እሱማ ሁላችንም ነን ልጄ። እኔን የቸገረኝ ሥጋው ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ ነው። እስላም ከሆንን ከጎረቤት፣ ከእስላም ቤት ሊያስመጡልን ነው፤ ያልጠየቁትን ሥጋ ለእንግዳ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው። የጠየቁን በማን ቢላ የታረደ እንደምንበላ ነበር። ጓደኛዬም የሰማው ስለ ቢላ ነው፤ ሌላ ዓይነት ቢላ።

በመጨረሻ ሁለታችንም ሽሮ በላን። ኢትዮጵያዊነታችን ከታወጀ በኋላ «እኔስ እስላም ነኝ» ብሎ ለመናገር አፈርኩ።

አዎ፣ እኔ የደባርቅ እስላም ልጅ ነኝ። (አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ «ሙስሊም በል እንጂ፣ እስላም ሃይማኖቱ ነው፣ ሰውዬው ሙስሊም ነው» እያሉ ያርሙኛል። ልክ ናቸው። ግን አያቴ እስላም ነኝ እያሉ ነው የኖሩት፤ ከሞቱ በኋላ ላርማቸው አልፈልግም።)

አያቴን እምዬ ነበር የምንላቸው። የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጡ አብሬያቸው ነበርኩ። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው፤ ስማቸውን ጻፈ፣ ዕድሜያቸውን በግምት ጻፈ፣ ከዚያ «ብሔር?» አላቸው።

«እስላም» አሉ እምዬ ሳያመነቱ።

«እማማ፣ እሱ ሃይማኖት ነው። ብሔርዎን ነው የጠየቅሁ።»

«ብሔር ምንድር ነው?»

«እንግዲህ... በምንድን ነው የሚናገሩት?»

«ባፌ ነዋ!»

ልጁ ሳቀ፤ «አማራ» ብሎ ጻፈ። እምዬ ወደ እኔ ዞረው ምን እንደጻፈ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አስተግፊሩላህ! እኔ መቼ ተጠመቅሁ?» አሉ።

ይችን ታሪክ ለዓመታት እንደ ቀልድ ሳወራት ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ሰው ሁሉ ይስቅላት ነበር። እያደር ግን ማን ላይ እየሳቅን እንደሆነ ይከነክነኝ ጀመር። እምዬ ያላወቁት ነገር አልነበረም። ቋንቋቸውን ከጸሐፊው ይልቅ ያውቁታል። በእሳቸው አማርኛ «አማራ ሆነ» ማለት ክርስትና ተነሣ ማለት ነው። «የአማራ ሥጋ» ማለት የክርስቲያን ሥጋ ነው። ይህ የእምዬ የግል ፈሊጥ አይደለም፤ በጎንደርም በወሎም ብዙ አረጋውያን ዛሬም እንዲህ ይናገራሉ። ጸሐፊውም አልተሳሳተም። የያዘው ቅጽ ያመጣው «አማራ» ከእምዬ «አማራ» ጋር ፊደሉ አንድ ሆነ እንጂ ሌላ ቃል ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ላይ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ለሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ትርጉም ይሰጣል። (ለሦስት ቃል አንድ ትርጉም! መዝገበ ቃላት ቢሆን አርታኢው ይመልሰው ነበር።) ትርጉሙ የጋራ ባህልን፣ ቋንቋን፣ የጋራ ሕልውና አለን ብሎ ማመንን፣ ሥነ ልቦናን፣ የተያያዘ መልክዓ ምድርን ይቆጥራል። ሃይማኖት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያ ማለት ሕጉ ቃሉን ከእምዬ አፍ ወሰደው፣ ውስጡ የነበረውን ጥምቀት አጥቦ አወጣው፣ ከዚያ መልሶ እሳቸው ላይ ለጠፈው። «ብሔር» የሚለው ራሱ በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ እግዚአብሔር በሚለው ስም ውስጥ ያለውም እሱ ነው። እምዬን አገርዎ የት ነው ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ አንድም ክርክር ሳይነሣ «ደባርቅ» ይሉት ነበር።

የቃል አመጣጥ ላይ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች አሉ። አማራ ማለት ነጻ ሕዝብ ነው፣ አይ ተራራማ ነው፣ አይ እንዲህ ነው። እኔ ይህን ጨዋታ ብዙም አልወደውም፤ ምክንያቱም የቃሉ ሥር ቢገኝ እንኳ ዛሬ ሰው በቃሉ ምን እንደሚያደርግበት አይነግረንም። የሚጠቅመው የተጓዘበትን መንገድ ማየት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጀርመናዊው ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛ ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ አገራቸው አምሓራ ይባላል። ያ አምሓራ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አካባቢ የነበረ ግዛት ነው። በዚያ ሒሳብ የስሜን ሰው አማራ አይደለም፤ ስሜነኛ ነው። በእምዬ ሒሳብ የስሜን ክርስቲያን አማራ ነው፣ እሳቸው አይደሉም። በቀበሌው ሒሳብ ሁለቱም አማራ ናቸው። መጀመሪያ የቦታ ስም፣ ቀጥሎ የሃይማኖት ስም፣ ቀጥሎ የሕዝብ ስም። ችግሩ አዲሱ ትርጉም ሲመጣ አሮጌው ቤቱን ለቅቆ አለመሄዱ ነው። ሦስቱም አብረው ይኖራሉ፣ አንድ ምሳ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ።

ሊማሊሞ ዛሬ ለብዙዎቻችን የዩቲዩብ ቪዲዮ ነው፤ ጣሊያን የቆረጠው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጭጋግ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ። ከመኪና በፊት ግን የሲራራ ነጋዴ በር ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ አድርጎ ጎንደር የሚገባው ነጋዴ ይህን ገደል መውጣት ነበረበት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ ተራራውን ሲወጣ አብረውት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። የሩቁ ንግድ በአብዛኛው በእስላም እጅ ነበረ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ደግሞ ቀላል ነው፤ በክርስቲያኑ ደጋ እስላም በአብዛኛው ርስት የለውም። ርስት የሌለው ወይ ይነግዳል ወይ ይሸምናል። ከዚህ የተነሣ በጎንደር በኩል «ነጋዴ» የሚለው ቃል ራሱ «እስላም» ለማለት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ጉባኤ ተቀምጦ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል፤ ጎንደር ውስጥ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የዚያ ታሪክ ቅሪት ነው።

ስለዚህ የእምዬ «አማራ» ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ማረሻም ነበረበት፣ ርስትም ነበረበት። «እኔ መቼ ተጠመቅሁ?» ሲሉ ከጀርባው «እኔ መቼ ርስት ነበረኝ?» የሚልም አለበት ብዬ አስባለሁ። ይህን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው፤ በሕይወት እያሉ ጠይቄያቸው ቢሆን እወድ ነበር።

በዚሁ መንገድ ላይ ስለተመላለሰ ሌላ ቃል ትንሽ ላውራ፤ ጀበርቲ። ግብፃዊው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ፣ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅ ሲገባ ያየውን የጻፈው፣ ይህን ስም የያዘው አያት ቅድመ አያቶቹ ከዚህ ከእኛ በኩል ስለሄዱ ነው። ካይሮ ላይ ቃሉ የአገር ስም ነው፤ አል አዝሃር ውስጥ ከዚያ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበራቸው። እኛ ደጋ ላይ ግን ጀበርቲ ማለት እስላም ማለት ሆነ። ኤርትራ ውስጥ ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪ ጀበርቲዎች «እኛ ራሳችንን የቻልን ብሔር ነን» የሚል ጥያቄ ያነሣሉ፤ መንግሥት ከትግርኛ ጋር ይቆጥራቸዋል። ቦታ፣ ሃይማኖት፣ ሕዝብ። ያው መንገድ።

የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሕንድን ተመልከቱ። ሂንዱ የሚለው ቃል ከሲንዱ ወንዝ የመጣ ነው። ፋርሶች ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰውና አገር የጠሩበት ስም ነበር፤ የቦታ ስም። ቀስ እያለ እስላም ያልሆነው፣ ክርስቲያን ያልሆነው ሕንዳዊ መጠሪያ ሆነ፤ የሃይማኖት ስም። እ.ኤ.አ. በ1923 ሳቫርካር የተባለው ፖለቲከኛ በጻፈው መጽሐፍ ሂንዱ ማለት ሕንድን የአባቶቹ አገርም ቅዱስ ምድሩም አድርጎ የሚያይ ሰው ነው አለ፤ የሕዝብ ስም። አቆራረጡን ልብ በሉ። ቡድሂስቱ፣ ጃይኑና ሲኩ ገቡ፤ ቅዱስ ቦታቸው እዚያው ነውና። ሕንዳዊው ሙስሊምና ሕንዳዊው ክርስቲያን ግን መካና ኢየሩሳሌም ስላሉባቸው በሩ ላይ ቀሩ። የሕንድ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ማብራሪያው፣ ለዚያ ድንጋጌ ዓላማ ሲክን፣ ጃይንንና ቡድሂስትን ሂንዱ በሚለው ውስጥ ይጨምራቸዋል። ጥቂት የማይባሉ ሲኮች ዛሬም ይቆጣሉበታል። አንድ የኬራላ ሙስሊም ሐጅ ሄዶ «ሂንዲ» ቢባል «ሕንዳዊ» መባሉ ነው፤ አገሩ ላይ በአንዲት አናባቢ የምትለየውን «ሂንዱ»ን ብትለው ግን እንደ እምዬ መቼ ተለወጥኩ ይልሃል።

አሁን ወደ ራሳችን ጽሑፎች ልመለስ፤ ቅሬታዬ ያለው እዚያ ነው።

ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ አንሥቶ የጻፈው ጽሑፍ የታተመው «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ነው፤ በእንግሊዝኛ። ጥቂት ገጽ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ፤ ጽሑፉ ግን ዛሬም ይኖራል፣ በየቴሌግራሙ ይሰደባል፣ ይወደሳል። የሚሰድቡትም የሚያወድሱትም አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ዋለልኝ «አማራ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የታወቀ ነው ይላሉ። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም።

ዋለልኝ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ነህ ለመባል የአማራን ጭምብል ማጥለቅ አለብህ። ከዚያ ጭምብሉ ከምን እንደተሠራ ይዘረዝራል፤ ቋንቋው፣ ሙዚቃው፣ ልብሱ፣ አንዳንዴም ስም መለወጥ። በመሀል ኦርቶዶክስ ክርስትናን የአማራና የትግሬ ሃይማኖት አድርጎ ይቆጥረዋል። መጀመሪያ ሳነበው እዚህ ቦታ ላይ ቆምኩ። ዋለልኝ የወሎ ልጅ ነው! አማርኛ አፉን የፈታ እስላም በየጎረቤቱ ያለበት አገር ልጅ። ይህን እንዴት ዘነጋው?

አልዘነጋም ይመስለኛል። ቃሉን ከእንግሊዝኛው ማርክሲዝም ብቻ ሳይሆን ከወሎም ይዞት ነው የመጣው። በወሎ አፍ አማራ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ ኦርቶዶክስን በአማራ ውስጥ መቁጠር ለጆሮው አልጎረበጠውም። ያንኑ ቃል ግን በዚያው ጽሑፍ ከኦሮሞና ከሌሎች ብሔረሰቦች ትይዩ ያቆመዋል፤ እዚያ ደግሞ የሕዝብ ስም ነው። በጥቂት ገጽ ውስጥ ቃሉ ሁለት ጊዜ ልብስ ቀይሯል፣ ጸሐፊው አላየም፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብነውም አላየንም። በሁለቱ ልብሶች መሀል የወደቀው ማን ነው? አማርኛ ተናጋሪው እስላም። ዋለልኝ የተጨቆኑትን ሲቆጥር በብሔር ስለሆነ እሱን አያገኘውም፤ ጨቋኙን ሲስል ሃይማኖት ስለጨመረበት እዚያም አያገኘውም። ስለ ጭቆና የተጻፈው ዝነኛው ጽሑፋችን እምዬን የሚያስቀምጥበት ወንበር የለውም። ይህ ዋለልኝን ለመክሰስ አይደለም፤ ዘመኑ የጠየቀውን ደፍሮ ጠይቋል። አንባቢዎቹ ግን ሃምሳ ዓመት አልፎን ያንኑ ስህተት መድገማችን ይገርመኛል።

ሁለተኛው «ጽሑፍ» በወረቀት የተጻፈ አይደለም። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ ማግስት በቴሌቪዥን የተካሄደው የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና የመለስ ዜናዊ ክርክር ነው። ፕሮፌሰሩ አማራ የሚባል ብሔረሰብ የለም አሉ፣ መለስ አለ አሉ። እኔ አልተወለድኩም ነበር፤ ግን አባቴ ዘንድ ቡና በተጠጣ ቁጥር ይነሣል። አባቴ ከፕሮፌሰሩ ጋር ነው፣ አጎቴ አይደለም፣ ስኒው እስኪቀዘቅዝ ይጨቃጨቃሉ።

የዚያ ክርክር ድክመት ሁለቱም ሰዎች ቃሉ አንድ ተቃራኒ ብቻ እንዳለው አድርገው መያዛቸው ነው። የፕሮፌሰሩ ጥሩ ነጥብ የሚነሣው ከውስጥ ነው፤ ሰው ራሱን የሚጠራው ጎንደሬ፣ ጎጃሜ፣ መንዜ፣ ወሎዬ ብሎ ነው። እውነት ነው። ከጎጃሜ ጎን ስታቆመው «አማራ» ባዶ ይመስላል። የመለስ የሚነሣው ከውጭ ነው፤ ከትግሬ፣ ከኦሮሞ ፊት ለፊት ስታቆመው ቃሉ ወዲያው ይሞላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ግን «ቃሉ በየቦታው የተለያየ ነገር ይላል» ከሚለው ተነሥቶ «ስለዚህ ነገሩ የለም» ማለት አይቻልም፤ «ሌላው እንዲህ ይጠራቸዋል» ከሚለውም ተነሥቶ «ስለዚህ ራሳቸውን እንዲህ ያውቃሉ» ማለት አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የእምዬ አማርኛ እንደ ማስረጃ ሲጎተት አያለሁ። «አያችሁ፣ ገበሬው እኮ አማራ የሚለው ክርስቲያን ለማለት ነው፤ ስለዚህ ብሔሩ ፈጠራ ነው» ይባላል። እሺ። ያን ሲናገሩ የነበሩት እስላም ሴትዮስ ታዲያ ምን ይባላሉ? እዚህ ላይ ዝም ይባላል። አያቴ ለሌላ ሰው ሙግት ምስክር ሆነው ይጠራሉ፤ ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ግን የሚሸኛቸው እንኳ የለም።

እኔ አሁን የያዝኩት የንባብ ልማድ ቀላል ነው። እንዲህ ዓይነት ቃል ሲያጋጥመኝ ትርጉሙን አልፈልግም፤ ማዶ የቆመውን ነው የምፈልገው። አማራ፣ ከማን ጋር? ከእስላም? ከትግሬ? ከጎጃሜ? ከፈላሻ? የዜና መዋዕልም ሆነ የፌስቡክ ጽሑፍ ስታነቡ ብትሞክሩት ብዙ ቦታ ላይ ትቆማላችሁ።

ፈላሻ ካልኩ አይቀር፣ ስሜንና ወገራን ስለሚመለከት ቃል የሚያወራ ሰው ቤተ እስራኤልን መዝለል አይችልም። ጎረቤት የሚጠራቸው ፈላሻ፣ ካይላ ብሎ ነበር፤ ፈላሻ መጻተኛ፣ አገር የሌለው የሚል ይሸታል፣ እነሱም አይወዱትም። ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚህ «እስራኤል» ነን ሲሉ የኖሩ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ምን ተባሉ? «ኢትዮጵያውያን»። እዚህ እንደ መጻተኛ ያስቆጠራቸው ነገር እዚያ አላስገባቸውም፤ እዚህ ያልተሰጣቸው ስም እዚያ እንደ ታርጋ ተለጠፈባቸው። ማዶ የቆመው ሰው ሲቀየር ስሙም ተቀየረ። ሰዎቹ ያው ናቸው።

ከስም ጋር በግልጽ የተደረገ ትግልም አለን፤ ብዙ ወጣት አያውቀውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ በዓል ነው፣ ሌላው ስለ ፍርድ ቤት። አንዱ ግን ስለ ሰዋስው ነው ማለት ይቻላል፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን። ልዩነቱን አያችሁ? የመጀመሪያው ተከራይ ነው፤ ሁለተኛው ባለቤት። ለአንድ ሐረግ ሰው አደባባይ ይወጣል ወይ የሚል ካለ፣ ይወጣል፤ ወጥቷል።

«ሐረግ ነው፣ ምን አለበት» የሚለውን እኔም የተውኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ጎንደር ላይ፣ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ በተነሣው ነገር ሰዎች ሞቱ፤ መስጊዶች ተጎዱ። ያን ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ። ሽሮ አብሮኝ የበላው ጓደኛዬ ነው። በጣም ደንግጧል፣ በቅንነት ነው የደወለው። «አማራና ሙስሊም ተጋጩ አሉ፤ እናንተ ደህና ናችሁ?» አለኝ።

በእምዬ አማርኛ ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም። ግን እሱ የእምዬን አማርኛ አይናገርም። በእሱ አማርኛ አማራ ብሔር ነው፤ ስለዚህ ሳያስበው የሞቱትን ሰዎች ከተወለዱበት አገር አውጥቷቸዋል። አማርኛ አፋቸውን የፈቱ፣ መታወቂያቸው ላይ «አማራ» የተጻፈባቸው፣ ጎንደር ላይ የተቀበሩ ሰዎች፣ በአንዲት «ና» እንግዳ ሆኑ። ላርመው ፈለግሁ፣ ጊዜው አልነበረም። «ደህና ነን» አልኩት።

ሁለት ወር አልሞላም፤ ሰኔ ላይ ምዕራብ ወለጋ፣ ቶሌ ቀበሌ። ከተገደሉት ብዙዎቹ ከወሎ ሄደው የሰፈሩ ቤተሰቦች ናቸው፣ ሙስሊሞችም ነበሩባቸው። እነዚያ የተገደሉት «አማራ» ተብለው ነው። እምዬ በሕይወት ኖረው ዜናውን ብነግራቸው «እስላሞቹን ደግሞ ምን አድርገው አማራ አሏቸው?» ማለታቸው አይቀርም ነበር። በሚያዝያ አማራ ያልሆነው እስላም በሰኔ አማራ ሆኖ ሞተ። ቃሉን የመረጠው ግን እሱ አልነበረም፣ በሁለቱም ጊዜ።

አሁን እጄ ላይ ያለው የፋይዳ ካርድ ብሔር የሚል መስመር የለውም። የእምዬ የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ፎቶው ደብዝዟል፣ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። አንዳንዴ አወጣና አየዋለሁ። ተቆጥተው የተነሡት ፎቶ ነው፤ ከክርክሩ በፊት ይሁን በኋላ አላስታውስም።

ባለፈው ደባርቅ ስሄድ ብቻዬን ነበርኩ። እዚያችው ቤት ገባሁ። ሴትዮዋ አላስታወሱኝም፤ ሰላምታው አለቀና ያው ጥያቄ መጣ።

«እስላም ነኝ እማማ» አልኳቸው።

አንድ ልጅ ጠርተው ወደ ጎረቤት ላኩት። እስኪመጣ ቁጭ ብለው የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቁኝ ጀመር። አባቴን አያውቁትም። እምዬን ስጠራላቸው ግን ብድግ አሉ። ገበያ አብረው ይወርዱ ነበር፣ የእናታቸው ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ከዚያ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና ያን ኢትዮጵያዊ ነን ያለውን ልጅ አስታወሱ።

«አንተ! ያኔ ሽሮ ያበላሁህ አንተ ነህ? የእሷን ልጅ ልጅ ሽሮ! ምነው ያኔ አትናገርም?»

ሥጋው መጣ። ይቅርታ እየጠየቁ ጥብሱን ራሳቸው አቀረቡ፤ ቃሪያውን፣ ሚጥሚጣውን ደረደሩ፣ «ብላ፣ ብላ» እያሉ ፊቴ ቆሙ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጨርሼ በላሁት።